የሁለቱ ወኪሎች አስተርጓሚ

የተወለድኩት ሁለት መንግሥት በአንድ ጊዜ ሲገዛው በኖረ አገር ነው። እንግሊዝም ፈረንሳይም ደሴቶቻችንን አልለቅም ብለው ተፋጠው ስለቀሩ፣ አገራችን ኒው ሄብሪድስ ሁለት ባንዲራ፣ ሁለት ፖሊስና ሁለት ዓይነት ትምህርት ቤት ነበራት። በእኛ በኤማሩ ደሴት ደግሞ ነገሩ ለሁለት መንደር ተከፍሏል። ናቫው የእንግሊዞቹ ሚሲዮን መንደር ነው፣ ሳራፖ የፈረንሳዮቹ። በመካከላቸው ያለው አንድ ኮረብታ ብቻ ሲሆን ልጅ ያዘለች ሴት ግማሽ ሰዓት ሳይሞላት ታቋርጠዋለች።

አባቴ የናቫው ሰው ነው፣ እናቴ የሳራፖ። ሲጋቡ በሁሉ ነገር ተስማምተው በእኔ ትምህርት ላይ ብቻ ሳይስማሙ ቀሩ። እስከ አሥር ዓመቴ አባቴ አሸንፎ እንግሊዝኛ ተማርኩ። ከዚያ እናቴ አሸንፋ በየማለዳው ኮረብታውን እየተሻገርኩ ፈረንሳይኛ ተማርኩ። ስለዚህ በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ የደሴቲቱ ብቸኛ የጤና ረዳት ሆኜ ቁስል ሳጥብና ሕፃናት ስመዝን፣ ሁለቱንም ቋንቋ አጥርታ የምትናገር ሰው እኔ ሌይታሬ ብቻ ነበርኩ።

ምርጫው የመጣው በዚያን ጊዜ ነው። ለነጻነት አምስት ዓመት ቀርቶት ነበር፤ አምስት ዓመት እንደቀረው ግን ያኔ ማንም አያውቅም። ሁለቱ መንግሥታት አገሬው በራሱ ጉዳይ የሚመክርበት ምክር ቤት ይቋቋም አሉ፤ ለእኛና በስተምሥራቅ ላሉት ለኢቩራና ለማሳኩ ትንንሽ ደሴቶች አንድ ወንበር ደረሰን። ለዚያች ወንበር ሁለት ሰዎች ቀረቡ። አንዱ የናቫው መምህር ካልማሪ ነበር፤ ቀጭን፣ ባለ መነጽር፣ አንድ ነገር ለማለት ሦስት ነገር የሚያስቀድም ሰው። ነጻነት ቶሎ ይምጣ፣ ነጮች የያዙት መሬት ለባለቤቶቹ ይመለስ ይላል። ሌላው የሳራፖው ባርናቤ ነው። ጀልባ ሠሪ ነው፤ ቤት ሲገባ ሆዱ ይቀድመዋል፣ ሲስቅ ከኮረብታው ማዶ ይሰማል። እሱ አንቸኩል ባይ ነው፤ መጀመሪያ ሆስፒታልና የጀልባ ማረፊያ ይሠራልን፣ ነጻነቱ የት ይሄዳል ይላል።

እንግሊዞቹ ካልማሪን፣ ፈረንሳዮቹ ባርናቤን እንደሚወዱ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም ነበር። ሁለቱም መንግሥታት በየወረዳው ወኪል አላቸው። የእንግሊዙ ወኪል ሚስተር ፔንሮዝ ጸጉሩ የሳሳ፣ ሁልጊዜ እንቅልፍ የመጣበት የሚመስል ሰው ነው። የፈረንሳዩ ሙሴ ቦርዴ አጭር፣ ጫማው በአሸዋ ላይ እንኳ የሚያብረቀርቅ፣ ቁጡ ሰው ነበር።

በሐምሌ ሚስተር ፔንሮዝ ለናቫው የውሃ ታንከር ይዞ መጣ። በሳምንቱ ሙሴ ቦርዴ ለሳራፖ የጀልባ ሞተር አመጣ። ፔንሮዝ ሬዲዮ አደለ፣ ለጤና ጣቢያውም አዲስ ጣሪያ እንደሚያሠራ ቃል ገባ። ቦርዴ ጄኔሬተር አመጣና ነጭ ሸራ ዘርግቶ የፈረሰኞች ፊልም በክፍል በክፍል ማሳየት ጀመረ፤ ከሁለቱም መንደር ሰው እየጎረፈ አየ። ፔንሮዝ ለወጣቶቹ ማሊያ ሰጠ፣ ኳስ ግን አላመጣም። ይህን የሰማው ቦርዴ ኳስ ላከ። በሚቀጥለው ቅዳሜ የእንግሊዝ ማሊያ የለበሱ ወጣቶች የፈረንሳይ ኳስ ሲራገጡ ውለው ናቫው ሁለት ለአንድ ተሸነፈች።

የደሴቲቱ ሹም ካልታፓው የአባቴ አጎት ናቸው። ለመጣው ሁሉ ጎደሬ አስቀቅለው፣ አሳማ አሳርደው አበሉ፣ ለሁለቱም እኩል አመሰገኑ። አንድ ቀን ካልማሪ ቅር ብሎት ከሁለቱም መቀበል ያዋርደናል ሲላቸው፣ አዛውንቱ ተረታቸውን ጣል አደረጉለት።

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» አሉት። «አንተ ገና ምክር ቤት ሳትገባ ባላዬን ልትነቅል ነው እንዴ ልጄ?»

ካልማሪ መነጽሩን እያስተካከለ ሄደ። እኔም ያኔ ሹሙ ልክ ናቸው ብዬ ነበር፤ ምክንያቱም ባላው ለእኔም ተተክሎልኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምርጫው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሁለቱ ወኪሎች አብረው መጥተው ስለ ድምፅ አሰጣጡ ለሕዝቡ እንዲያስረዱ ከዋና ከተማው ከቪላ ታዘዘ። እያንዳንዱ በየራሱ ቋንቋ ካልሆነ አልናገርም አለ፤ አስተርጓሚዋ ደግሞ እኔ ሆንኩ። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ተስማሙ፣ ለምን ቢባል እያንዳንዱ በእሱ ትምህርት ቤት ያለፍኩ የእሱ ልጅ መሰልኩት። ፔንሮዝ የሕፃናት ሚዛን ለመጎብኘት ብሎ ወደ ጤና ጣቢያው መጣና፣ ፊጂ ደሴት ሱቫ ውስጥ የነርሶች ትምህርት ቤት እንዳለ፣ አንድ ስም ማስገባት ለእሱ ከባድ እንዳልሆነ፣ በስብሰባው ላይ ደግሞ የፈረንሳዩን ንግግር ትንሽ ለዘብ ባደርገው ማንም እንደማይጎዳ ነገረኝ። ከሦስት ቀን በኋላ ቦርዴ ጉሮሮዬን አሞኛል ብሎ መጣ። ጉሮሮው ደህና ነበር። በፈረንሳዮቹ ከተማ በኑሜያ ያለው የነርስ ትምህርት ከሱቫው እንደሚበልጥ፣ የእንግሊዙም ንግግር ሲተረጎም ቢያጥር እንደማይከፋ ነገረኝ።

ነርስ መሆን ከልጅነቴ የተመኘሁት ነው። ጤና ረዳት ቁስል ታጥባለች፤ ሴት ምጥ ሲጠናባት ግን ጀልባ ከመጥራት በቀር የምትሠራው የላትም። ያንን ዓመት ሁለት ሴቶች ጀልባው ሳይደርስ ሞተውብኛል። ስለዚህ ለሁለቱም እሺም እምቢም አላልኩ። አመሰግናለሁ ብዬ ሸኘኋቸው፣ ለሰውም አልነገርኩ።

የስብሰባው ቀን ጠዋት አባቴ ከታንከሩ ጋር የተያያዘውን አሸንዳ ሲያስተካክል መሰላሉን ይዤለት ቆሜ ነበር። በትርጉም እንዳልሳሳት ፈራሁ አልኩት፤ የፈራሁት ሌላ ነገር መሆኑን አላወቀም። ወደ ታች ሳያየኝ «ምን ያስፈራል? አንቺ አሸንዳ ነሽ» አለኝ። «አሸንዳ የጣሪያውን ውሃ ታንከር ውስጥ ያገባል እንጂ ‹ይህኛው ጠብታ ይቅር› አይልም።» መሰላሉን እንደያዝኩ ይህን ንግግሩን ለራሴ ደገምኩት።

ስብሰባው ናቫው ባሕር ዳር ባለው ትልቁ ዋርካ ሥር ነበር። ከሳራፖ ሁሉም መጡ፤ ከኢቩራና ከማሳኩም በታንኳ መጡ። መጀመሪያ የባንዲራ ነገር ግማሽ ሰዓት ፈጀብን። ሁለቱ እንጨቶች እኩል መሆን ስላለባቸው በገመድ ሲለኩ የፈረንሳዩ በአንድ አውራ ጣት ረዝሞ ተገኘ። ባርናቤ መጋዝ ይዞ ተጠራና ቆረጠው፤ ግን ትንሽ አበዛውና አሁን የእንግሊዙ ረዘመ። «ጀልባ ቢሆን ኖሮ ሰጥሞ ነበር» ብላ አሮጊቷ እማማ ሌይማራ ስትናገር ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ባርናቤ ራሱ ከሁሉ አብልጦ ሳቀ። በመጨረሻ ከእንግሊዙ እንጨት ሥር ትንሽ ተቆፍሮ እኩል ሆኑ።

ከዚያ ሹም ካልታፓው ተነሥተው የዋርካውን ሥርዓት ተናገሩ። በዚያ ዛፍ ሥር ሹክሹክታ ክልክል ነው። የተነገረ ሁሉ ለሁሉ ይሰማል፤ ለጎረቤቱ ያንሾካሾከ ሰው አንድ አሳማ ይከፍላል። ይህ ከአያቶቻቸው የመጣ ነው፣ ስንት ጠብ የበረደው በዚህ ነው። ቃላቸውን በእንግሊዝኛም በፈረንሳይኛም ተረጎምኩ። ፔንሮዝ ዝንብ እያባረረ ራሱን ነቀነቀ። ቦርዴ ባንዲራውን እያየ ራሱን ነቀነቀ።

ቦርዴ መጀመሪያ ተናገረ። ድምፅ የእያንዳንዱ ሰው ምሥጢር ነው፣ ማንም ማንንም አያስገድድም፣ ፈረንሳይ የምትሻው የሕዝቡን ፈቃድ ብቻ ነው አለ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኩ። ሰው አጨበጨበ። ጭብጨባው ሲበርድ ቦርዴ ተቀመጠና ወደ ጸሐፊው ዘንበል ብሎ በፈረንሳይኛ አንድ ነገር አለው። እኔ ያለሁት በሁለቱ ወኪሎች መካከል ነው፤ ክንዱ ክንዴን ሊነካ ምንም አልቀረው። እንደ ወንበሩ ረስቶኛል።

«ሙሴ ቦርዴ ለጸሐፊያቸው እንዲህ ይላሉ» አልኩ በቋንቋችን፣ ጮክ ብዬ። «‹ባርናቤ ካልተመረጠ በማግስቱ ጄኔሬተሩን ትጭነዋለህ። እስከዚያ ድረስ ፊልሙን አሳያቸው፤ እነዚህን በፊልም መያዝ ቀላል ነው።›»

ሆን ብለሽ ነው ወይ ብለው እስከ ዛሬ የሚጠይቁኝ አሉ። እውነቱን ለመናገር፣ የመጀመሪያው ግማሽ ከልማድ የተነሣ አምልጦኝ ነው የወጣው። ሁለተኛውን ግን ሆን ብዬ ነው።

 ሚስተር ፔንሮዝ ፈረንሳይኛ ስለሚሰማ ገብቶታል፤ ከንፈሩን በመሐረብ ሸፍኖ ሳቀና በጀርባው ለቆመው ፖሊስ በእንግሊዝኛ አጉረመረመ። እሱንም ተረጎምኩ።

«ሚስተር ፔንሮዝ ለፖሊሳቸው እንዲህ ይላሉ፦ ‹እኛ ብልሆች ነን። የጤና ጣቢያውን ጣሪያ አልሰጠንም፣ ተስፋ ብቻ ነው የሰጠነው። ተስፋ ደግሞ በጀልባ ተጭኖ አይመለስም።›»

መጀመሪያ የተናገረችው እማማ ሌይማራ ናት። «ታዲያ ያ የፊልሙ ባለ ነጭ ፈረስ ሰውዬ ይሙት ይዳን ሳናውቅ ሊወስዱብን ነው?» አለች። ሳቁ ከኋላ ጀምሮ ወደ ፊት መጣ። ካልማሪ ግን አልሳቀም፤ ስለ ጣሪያው ለመንደሩ ደጋግሞ የነገረው እሱ ነበርና መሬት መሬት ያይ ጀመር። ባርናቤም አልሳቀም።

ጸሐፊው ምን እንደተባለ ለቦርዴ ነገረው። ቦርዴ ፊቱ ቀልቶ ተነሣና ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ በፈረንሳይኛ ተናገረ። አጭር ነበር። ይህን ባልተረጉም ማንም አይወቅሰኝም ነበር። አባቴ ከፊት ረድፍ ተቀምጦ ያየኛል።

«ሙሴ ቦርዴ፣ ‹ኑሜያ ልኬሽ ነርስ ትሆኛለሽ ያልኩሽ ቀርቷል፣ እርሺው› ይላሉ» አልኩ።

ይህን ማንም አያውቅም ነበር። ሁለቱም መንደር ዞሮ አየኝ። ከዚያ በኋላ ያለው የማንም ንግግር ትርጉም አይደለም፣ የራሴ ነው። «ሚስተር ፔንሮዝም ሱቫ እልክሻለሁ ብለውኛል» አልኩ። «ሁለቱም የሌላውን ንግግር እንዳጣምም ነበር የፈለጉት። ሰምቼ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ትምህርቱን ስለፈለግሁት ነው።»

ከሳራፖ በኩል አንድ ሰው «በሁለት ቢላዋ ልትበላ ነበራ!» አለ። የእናቴ ወንድም ነው፤ በእናቴ ወገን ያለ ሰው ሁሉ አፉ እንዲያ ነው።

ሹም ካልታፓው ተነሥተው ፍርዳቸውን ሰጡ። «ሁለት ሰዎች በዚህ ዛፍ ሥር አንሾካሽከዋል። ከፈረንሳይ አንድ አሳማ፣ ከእንግሊዝ አንድ አሳማ። ሌይታሬ በዛፉ ሥር አላንሾካሸከችም፤ እስከ ዛሬ ግን ሆዷ ውስጥ አንሾካሽካለች። እሷ ዶሮ ትክፈል።» ሕዝቡ እየሳቀ እጁን አጨበጨበ። የእናቴ ወንድም ደግሞ ዶሮዋ ወፍራም ትሁን አለ። ያ ሳቅ ይቅርታዬ መሆኑ ስለገባኝ እንባዬ መጣ፤ አባቴን ቀና ብዬ ሳየው ጢሙን ይዞ ይስቃል።

አሳማውን መተርጎም ነበር ከባዱ። ቦርዴ የፈረንሳይ መንግሥት አሳማ አይከፍልም አለ። ፔንሮዝ ይህን ሲሰማ እንቅልፉ ሁሉ ጠፋና፣ እንግሊዝ ግን የአገሬውን ሥርዓት ስለምታከብር በደስታ ትከፍላለች አለ። ከዚያ ቦርዴ ምን ያድርግ? ፈረንሳይም ትከፍላለች፣ አሳማዋም አያንስም አለ። የእንግሊዙ ፖሊስ ገዝቶ የመጣው አሳማ ከሳራፖ የተገዛ ሆነ፤ የፈረንሳዩ ጸሐፊ የገዛው ደግሞ ከናቫው። ቅድም ባንዲራውን የለኩበት ገመድ እንደገና ወጥቶ አሳማዎቹ በወገባቸው ተለኩ። የፈረንሳዩ በሁለት ጣት በለጠ፤ ሙሴ ቦርዴ ቀኑን ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የቦዬ ሥር ተፍቆ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ፣ በጋለ ድንጋይ ላይ ከሁለቱ አሳማዎች ጋር ተጋግሮ ተበላ። ሁለቱ ወኪሎች ጎን ለጎን ተቀምጠው በእጃቸው በሉ፤ ዶሮዬንም ቀመሱ።

ከመብላቱ በፊት ግን ባርናቤ ተነሥቶ ተናግሯል። ስለ ጄኔሬተሩ የተባለው የማያውቀው ነገር መሆኑን፣ ቢያውቅ ኖሮ ራሱ ጀልባው ላይ ይጭነው እንደነበር ተናገረ። ድምፁ ሳቅ አልነበረበትም። ወደ ካልማሪ ዞሮ ኢቩራና ማሳኩ ሄደው መናገር እንደሚቀራቸው አስታወሰው።

«እኔ በፈረንሳይ ሞተር አልሄድም፣ አንተም በእንግሊዝ ጀልባ አትሂድ» አለው። «በእጄ የሠራኋት ታንኳ አለች። አብረን እንሂድ። አንተ ቅዘፍ፣ እኔ እናገራለሁ።»

«ቀዘፋውን እንካፈል» አለ ካልማሪ። «ንግግሩንም።»

የሚቀጥለው ሰኞ ሦስታችን ተነሣን። እኔ ለወሩ ክትባት መሄዴ ነበር። ባሕሩ ጸጥ ያለ ቢሆንም ካልማሪ የባሕር ልጅ ሆኖ ባሕር አይችልም። ገና ኤማሩ ከዓይናችን ሳትጠፋ በታንኳዋ ጠርዝ ተደፍቶ አስታወከ። ባርናቤ እየቀዘፈ ነጻነት ይቅርብህ፣ ሆድህን እንኳ ማስተዳደር አልቻልክም እያለ ያሾፍበታል፤ ካልማሪም ሲያገግም ቀና ብሎ ሆዱ የሰፋ ሰው ጀልባ ሚዛን ያስታል ይለዋል። ኢቩራ ላይ ሁለቱም ተናገሩ። ካልማሪ አንድ ሰዓት ተናግሮ ሦስት ሽማግሌዎች አንቀላፉ። ባርናቤ አጠር አድርጎ ተናገረ፤ ሆስፒታል ስንት ነርስ እንደሚኖረው ሲያጋንን ካልማሪ ከመቀመጫው ሆኖ ቁጥሩን አረመው፣ እሱም ራሱን እያከከ ታረመ።

ማሳኩ ስንደርስ ማዕበሉ ከፍ ብሎ ስለነበር ካልማሪ ጨርሶ ደከመ። ከኮኮናት ዛፍ ሥር አስተኝተን ውሃ በጨውና በስኳር በጥብጬ ሰጠሁት። ሕዝቡ ተሰብስቦ ይጠብቃል። ባርናቤ የራሱን ተናግሮ ሲጨርስ አንዲት ሴት ተነሥታ፣ ያኛው የተኛው ሰውዬስ ምን ይላል ብላ ጠየቀች። ባርናቤ ወደ ካልማሪ አየ። ከዚያ ወደ እኔ አየ። እኔም የክትባት መርፌዬን እንደያዝኩ አየሁት።

«ልንገራችሁ» አለ ባርናቤ፣ ወገቡን ይዞ። «ካልማሪ የሚለው ይህ ነው። አያቶቻችሁ ያርሱት የነበረውን የወንዙን ዳር መሬት አንድ ነጭ በጥይትና በትንባሆ ገዛሁ ብሎ አጠረው። ዛሬ ልጆቻችሁ እዚያው መሬት ላይ ተቀጥረው ኮኮናት ይለቅማሉ። ካልማሪ፣ መሬቱ ይመለስ፣ ከዚያ ስለ ሌላው እንነጋገራለን ይላል። መቼ ሲባል ቶሎ ይላል። እኔ ቀስ እንበል እላለሁ። መሬቱን በተመለከተ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ የምቃወመው ነገር የለኝም።»

ማሳኩዎች እርስ በርስ ተያዩ። ሴትየዋ ታዲያ ድምፃችንን የምትፈልገው ለማን ነው አለችው። ለእኔ ነው እንጂ፣ ለሱማ ስል እዚህ ድረስ አልቀዝፍም ሲላት ሁሉም በሳቅ ወደቁ። ካልማሪ ከዛፉ ሥር በክርኑ ቀና ብሎ ሰምቷል።  ስንመለስ ደሴታችን ልንደርስ ስንል፣ ካልማሪ ይህን ነገር ለማስረዳት ሁልጊዜ አንድ ሰዓት እንደሚፈጅበት ለባርናቤ ነገረው። አውቃለሁ፣ ሁልጊዜ አንቀላፋለሁና፣ አለው ባርናቤ።

የምርጫው ቀን ሰው ቅዳሴ እንደሚሄድ ለብሶ መጣ። እማማ ሌይማራ የልጅ ልጇን ማሊያ ከቀሚሷ በላይ ደርባ ከሁሉ ቀድማ ተሰልፋ ነበር፤ በሕይወቷ ሰው አስተያየቷን ሲጠይቃት ይህ የመጀመሪያው ነው አለችኝ። ወረቀቱን አጥፋ ሳጥኑ ውስጥ ከከተተች በኋላ ሳጥኑን በእጇ መታ መታ አደረገችው። ሁለቱ ወኪሎች ከዋርካው ሥር ወንበር ይዘው ተቀምጠው ነበር። ቀኑን ሙሉ አንዲት ቃል ለጎረቤታቸው አላንሾካሸኩም፤ ጸሐፊውን እንኳ ውሃ አምጣ የሚሉት ጮክ ብለው ነበር።

ቆጠራው በማግስቱ በትምህርት ቤቱ ተደረገ፤ የኢቩራና የማሳኩ ሳጥኖችም ደርሰዋል። ናቫው ለካልማሪ፣ ሳራፖ ለባርናቤ ብለው ነበር ሁላችንም የጠበቅነው። አብዛኛው እንደዚያ ሆነ፤ ከሁለቱም መንደር ግን ኮረብታውን የተሻገሩ ድምፆች ተገኙ፣ አንዱ የእናቴ ወንድም ነው ይባላል። ኢቩራ እኩል ለእኩል ተከፈለች። ማሳኩ ላይ ካልማሪ ሠላሳ አራት፣ ባርናቤ ዘጠኝ አገኙ። በጠቅላላው ካልማሪ በአሥራ ሰባት ድምፅ አሸነፈ።

ባርናቤ ውጤቱን ሲሰማ ቁጥሩን በጣቱ እንደገና ቆጠረ። ካልማሪ ያሸነፈው ማሳኩ ላይ ነው፤ ማሳኩ ላይ ደግሞ ካልማሪ አንድ ቃል አልተነፈሰም። «ጉድ ነው» አለ በመጨረሻ። «ራሴን በራሴ አሸነፍኩት! የኔንም ንግግር እሱ ቢናገርልኝ ኖሮ ሕዝቡ አንቀላፍቶ ሁለታችንም እንሸነፍ ነበር።» ሳቁ እንደ ድሮው ኮረብታውን ተሻገረ። ካልማሪ ሕዝቡን ሰንጥቆ መጥቶ አቀፈው፤ እጆቹ ግን በባርናቤ ወገብ ዙሪያ አልገናኝ አሉት።

ሙሴ ቦርዴ ጄኔሬተሩን አልጫነም። ስለ ጄኔሬተሩ የተጠየቀ ጊዜ ፈረንሳይ የሰጠችውን አትነጥቅም ብሎ መለሰ፤ አሳማውንም ያስከፈለው ይኸው ኩራት ነው። ፊልሙን እስከ መጨረሻው አየነው፤ ባለ ነጭ ፈረሱ አልሞተም። ካልማሪ ለምክር ቤቱ መክፈቻ የጻፈውን አሥራ አንድ ገጽ ንግግር ይዞ ባርናቤ ጀልባ የሚሠራበት ዳስ ሄደ፤ ባርናቤ እንጨት እየላገ አስነብቦ ሁለት ገጽ ብቻ አስቀረለት። ቪላ ላይ ሲናገር በሬዲዮ ሰማነው። ስለ መሬት ያለው ላይ ሲደርስ ካልማሪ ሳይሆን ባርናቤ የሚናገር መሰለን።

ከምርጫው በኋላ ሚስተር ፔንሮዝ የሱቫውን ማመልከቻ ቅጽ ላከልኝ። ምንም ውለታ የለበትም፣ ፈተናውን ያለፈ ይገባል ብሎ በእጁ ጽፎበታል። ቅጹን ወስጄ ለሹም ካልታፓው አሳየኋቸው። ዋርካው ሥር ጮክ ብለሽ አንብቢው አሉኝ፤ አነበብኩት፣ የተቃወመ የለም። በመጀመሪያው ዓመት በሂሳብ ወደቅሁ። ካልማሪ ከቪላ በተመለሰ ቁጥር ክፍልፋይ ሲያስተምረኝ፣ የእኔ ቢጤ ደደብ እንዳላጋጠመው እየነገረኝ፣ በሁለተኛው ዓመት አለፍኩ።

ሦስት ዓመት ተምሬ ነርስ ሆኜ ኤማሩ ስመለስ፣ መጀመሪያ ያዋለድኳት የካልማሪን ሚስት ነበር። ምጡ አስቸጋሪ ነበር፤ ድሮ ቢሆን ጀልባ እንጠራ ነበር። ካልማሪ ምክር ቤት ስለነበር በሩ ላይ ሲንቆራጠጥ የዋለው ባርናቤ ነው። ልጅቷ ስታለቅስ ሰምቶ ሳላስገባው ዘው አለ። ሴት ናት ስለው እንዴት አድርጋ እንደምትጮህ አዳምጦ፣ እንግዲህ ለዚህችኛዋ ንግግር ማሳጠር አይቻልም ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።